ገንዳ ቁጥር ሁለት

ከአየር ጤና የመጣው ሚኒባስ ሰበታ ላይ ሲያራግፈኝ
የወጨጫ ብርድ ነው ቀድሞ በአንገቴ ገብቶ የሚያቅፈኝ።
ከአበባው እርሻ ላስቲክ ጀርባ፣ ከፋብሪካው ግንብ ማዶ፣
ስድስት ገንዳ አለን፣ በዛገ ቆርቆሮ ተጋርዶ።

«አሳ ደግሞ ይከተባል? ጤና ጣቢያ ይወስዱታል?
እናቱ ናት የምታዝለው? ካርዱስ በማን ስም ይወጣል?»
ይላል ረዳቱ፣ መልስ እየቆጠረ፤ ታክሲው በሙሉ ይስቃል።
እኔም እስቃለሁ። እሱ ግን አልነበረም ያኔ፣
የሂርጳ ኩሬ ነጭ ለብሶ ሳየው በገዛ ዐይኔ።

ውሃው የለም፤ ሆድ ብቻ ነው፣ ሆድ በሆድ ላይ ሲደረደር፣
ቆሮሶ በቆሮሶ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር።
ዐይኑ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ክንፉ ሥር ደም ቋጥሮ፣
ለሁዳዴ ገበያ ታስቦ፣ ዓመት ሙሉ በፉርሽካ ኖሮ።
ሂርጳ አላለቀሰም። አካፋ አንስቶ ጉድጓድ ቆፈረ፤
ሲጨርስ ላቡን ጠርጎ አንድ ነገር ተናገረ፤
«ለላሜ መርፌ አላችሁ፣ ለዶሮዬ የዐይን ጠብታ፤
ለዚህ ዝምተኛስ ምን አላችሁ? ይለቅ እንዴ ባንድ ማታ?»
ዝም አልኩ። አንድ የሞተ አሳ በፌስታል ይዤ ተመለስኩ።

አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይሉ ነበር አባቶቼ፤
እኔ ከቆሮሶ ኩላሊት፣ በሽቦ ጫፍ ጎትቼ
ያወጣሁት ዘንዶ ግን በዐይን ቢፈለግ አይታይ፤
ሌሊቱን በሳህን አድሮ ነጠብጣብ ሆነ ጠዋት ላይ።
በፎርማሊን ገደልነው። ዶክተር ውድነሽ እንዲህ አለችኝ፣
«ሬሳውን ለአሳው እናሳያለን» ብላ አስረዳችኝ፤
«የሞተው ሌባ መልኩ ለሰፈር ዘበኛ ይታያል፣
ወንድሙ በሌሊት ሲመጣ ዘበኛው ፊቱን ይለያል።»

በቅርንፉድ ዘይት አስተኛናቸው፤ ክፍሉ ሻይ ሻይ ሸተተ፤
ሦስት መቶ አሳ በአንድ ቀን፤ አውራ ጣቴ ደንዝዞ ሞተ።
እኔም ክንዴ ላይ አለች፣ ምስር የምታህል ጠባሳ፤
እኔ ግን ጮኼ ነበር። አፉን ከፍቶ ዝም ይላል አሳ።

እና ገንዳ ቁጥር ሁለት።
ይህን ለረዳቱ አልነግረውም፤ ለሂርጳም አልነገርኩት።
በአንደኛው ያሉት ተከተቡ፤ በሁለተኛው ያሉት
የጨው ውሃ ብቻ ተወጉ፤ ልዩነቱን በምን ያውቁት?
በሃያ አንደኛው ቀን ከሁለቱም ሕያው በሽታ ጨመርን፤
ጠርሙስ ያዥዋ እኔ ነበርኩ። እኔና ውድነሽ ነበርን።
ማስረጃ እንዲህ ነው የሚሠራ፤ አንዱ ወገን ካልወደቀ
የሌላው መቆም በምን ታወቀ?

ጠዋት ጠዋት በመረብ አወጣለሁ። እጽፋለሁ።
ሰባት። አሥራ አራት። አሥራ ዘጠኝ።

በዘጠነኛው ሌሊት መብራት ሄደ፤ ፓምፑ አንዴ ተንፍሶ ቆመ፤
ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለው፤ ውሃው ጸጥ አለ፣ ጨለመ።
ዘበኛው ቶለሳና እኔ፣ በጆግ ቀድተን፣ ከላይ እያፈሰስን፣
ውሃን አየር ስናጠጣ እስከ ንጋት ደረስን።
«እነዚህን ደግሞ ለምን?» አለኝ ሁለተኛው ገንዳ ላይ፣
«መሞታቸው ላይቀር፣ ክንዳችን በከንቱ ሊዝል ነው ወይ?»
«ታፍነው ከሞቱማ አይቆጠርም፤
በትክክለኛው ሞት ይሙቱ» አልኩት።
ደብተሩ የሚለውን ነው ያልኩት።
ቶለሳ አየኝ። ጆጉን ቀማኝና ጎንበስ አለ፤
ከገንዳ ሁለት አንድ አሳ ወደ እጁ ተጠግቶ ዋለለ።

ሠላሳ ቀን ሞላ። ከአንደኛው ብዙዎቹ ተረፉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም።
ከሁለተኛው ስድስት። ለምን እንደ ቀሩ ደብተሬም አያውቀውም።
ሂርጳ ይደውላል፤ «ደረሰ?» ይላል። «ገና ነው» እለዋለሁ፤
«ገንዳ ሌላ፣ ኩሬ ሌላ» ልለው እልና እተዋለሁ።

ማታ በታክሲ ስመለስ ከጎኔ የተቀመጠች
ሴትዮ አየሩን አሸተተች፤ ወደ እጄ ዘንበል አለች፤
«የቅመም ነጋዴ ነሽ እንዴ? ቅርንፉድ ቅርንፉድ ትሸቻለሽ።»
«አዎ» አልኳት። «ኪሎውን በስንት ትሸጫለሽ?»
«ውድ ነው» አልኩና እጄን ኪሴ ከተትኩ።